«ሁላችሁም አንድ ትመስላላችሁ» ያለችው አማካሪ ምን አየች?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው። የዘንድሮው ሪፖርታችን ሽፋን ላይ የ14 ሠራተኞችን ፎቶ አወጣን። ሁላችንም የድርጅቱን ሰማያዊ ቲሸርት ለብሰናል። ከለጋሻችን የመጣች የውጭ አገር አማካሪ ፎቶውን አይታ ‹ቡድናችሁ ስብጥር ይጎድለዋል፤ ሁላችሁም አንድ ትመስላላችሁ› አለችኝ። እኛ 14 ሰዎች ስምንት የአፍ መፍቻ ቋንቋ አለን። ሙስሊምም፣ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም አለ። ሰባታችን ሴቶች ነን። ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣነው ፎቶ ላይም 14 ነበርን። ያኔ ሴቶቹ አራት ብቻ ነበርን፣ ግን ሁለት ፈረንጅ ባልደረቦች ነበሩን። ‹እንዴት ያለ ድንቅ ስብጥር!› ተብለን ተሞገስን። ይሄ የዓይን ችግር ነው ወይስ ንቀት? ምን ብዬ ልመልስላት?»

እህቴ፣ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን በማስቀመጥሽ ሥራዬን አቅልለሽልኛል። የዘንድሮውን ብቻ ይዘሽ ብትመጪ ኖሮ «ሰውየዋ ስህተት ፈላጊ ናት» ብለን እንገላገል ነበር። የድሮው ፎቶ ግን አያስመልጥም። ሴቶቹ አራት ሲሆኑ ተሞገሳችሁ፣ ሰባት ሲሆኑ ተነቀፋችሁ።

አጭሩ መልሴ «ዓይን ነው» የሚል ነው። ንቀት ይኑርበት አይኑርበት እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው ልብ ማንበብ አልችልም። ግን አማካሪዋ የለየላት ቅን ሰው ብትሆን እንኳ ያ ፎቶ እንደዚያ ሊታያት ይችላል። ሰው የቡድን ፎቶ ሲያይ የሚቆጥረው ዓይኑ መለየት የተማረውን ብቻ ነው። ቋንቋችሁ ፊታችሁ ላይ አልተጻፈም። ሃይማኖታችሁም ያው ነው፣ ማተብ ወይም ሒጃብ ካልታየ በቀር።

እስቲ ከመጀመሪያዋ ግማሽ ሰከንድ እንነሳ።

ብዙ ፊቶችን አንድ ላይ ስናይ አንድ በአንድ አንቆጥርም። በጅምላ ነው የምናየው። ጄሰን ሃበርማንና ዴቪድ ዊትኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ውሰጂልኝ) ለሰዎች የተደረደሩ ፊቶችን አሳዩ። የፊቶቹ ስሜት ይለያያል፤ አንዱ ከፍቶታል፣ ሌላው ደስ ብሎታል። ተሳታፊዎቹ «ይሄኛው ፊት እዚያ ውስጥ ነበር?» ሲባሉ ይደናገራሉ። የቡድኑ አማካይ ስሜት ምን ይመስል እንደነበር ሲጠየቁ ግን በደንብ ያውቁታል። አእምሮ ዝርዝሩን ጥሎ ድምሩን ያዘ ማለት ነው። አንቺም ሠርግ አዳራሽ በር ላይ ቆመሽ «ዛሬ ድባቡ ቀዝቅዟል» የምትዪው እንደዚሁ ነው። ገና ማንንም አላናገርሽም።

ይሄ የጅምላ እይታ ስብጥርንም ይለካል። በ2018 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የወንድና የሴት ቁጥራቸው የሚለያይ ቡድኖችን ለግማሽ ሰከንድ ብቻ አሳየ። ሰዎቹ በዚያች ቅጽበት ወንዱ ይብዛ ሴቱ በግምት አወቁ። በዚያ አላበቁም፤ «እዚህ ቡድን ውስጥ ብገባ ይመቸኛል ወይ?» የሚለውንም ወሰኑ። ከራሳቸው ጾታ የሆነው ሲበዛ የሚመቻቸው ይመስላቸዋል። ግማሽ ሰከንድ እኮ ነው! አማካሪዋ የሪፖርታችሁን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሳታነብ ፍርዷን ጨርሳለች።

(በነገራችን ላይ ይሄ የጅምላ እይታ ውለታም ይውላል። ድሩ ዎከርና ኤድዋርድ ቩል በ2014 እንዳሳዩት ሰው ብቻውን ከሚታይ ይልቅ በቡድን ፎቶ ውስጥ ሲታይ ትንሽ ቆንጆ ይመስላል። የጓደኞችሽ ፎቶ ላይ ማርኮሽ ብቻውን ስታገኚው የቀዘቀዘብሽ ሰው ካለ፣ በእሱ አትፍረጂ።)

ወደ ሁለቱ ፈረንጆች እንምጣ። ምስር ለቅመሽ ታውቂያለሽ አይደል? ዓይንሽ ቀድሞ የሚያርፈው ጠጠሩ ላይ ነው። ሦስት ጠጠር ስታገኚ «ይሄ ምስር ነው ወይስ ጠጠር!» ብለሽ ባለሱቁን ታማርሪያለሽ። የምስሩን ፍሬ ማን ይቆጥራል? ፊትም እንደዚሁ ነው። ከብዙኃኑ የተለየው ፊት ትኩረት ይስባል፣ ትኩረት የሳበው ደግሞ ሲገመት ይበዛል። በ2022 የኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ለክተውታል። ነጭና ጥቁር ፊቶች የተደረደሩበትን ምስል አሳይተው ጥቁሮቹ ስንት በመቶ እንደሆኑ ጠየቁ። ጥቁሮቹ ሩብ ብቻ በነበሩበት ጊዜ ግምቱ ከሩብ በጣም አለፈ። የሚገርመው፣ ነጭ ተሳታፊዎች ብቻ አይደሉም ያበዙት። ጥቁሮቹም አብዝተዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የጥላቻና የወገንተኝነት ብቻ አይደለም። ጥቂት የሆነ ነገር በዓይን ይገዝፋል።

ሮዛቤት ሞስ ካንተር የምትባል የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ባለሙያ በ1970ዎቹ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ በወንዶች መካከል የሚሠሩ ጥቂት ሴቶችን አጥንታ ነበር። ከቡድኑ 15 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሆኑ ሰዎች እንደ ግለሰብ ሳይሆን እንደ ናሙና ይታያሉ ትላለች። ሁሉም ያያቸዋል፣ የመጡበትን ወገን በሙሉ የወከሉ ይመስላሉ። ሁለት ከ14 ስንት ነው? 14 በመቶ ገደማ። ያኔ ፎቶ ሲነሱ ሁለቱ ባልደረቦችሽ ምን ተሰምቷቸው እንደነበር ብትጠይቂያቸው ደስ ይለኛል። «ወደ መሃል ግቡ» ተብለው እንደነበር ግን እወራረዳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎች በአንድ በኩል ስብጥር ያዩበትን ቡድን በሌላ በኩልም የተሰባጠረ አድርገው እንደሚገምቱት አሳይቷል። በዘር የተለያየ ቡድን ካዩ በጾታም ከእውነታው በላይ የተለያየ ይመስላቸዋል። አራቱ ሴቶች ያላስነቀፏችሁ በዚህ ይመስለኛል። ሁለቱ ፈረንጆች የወንዶቹን ብዛት ሸፈኑላችሁ። ዘንድሮ ሸፋኙ ሄደ፣ ሴቶቹ ጨመሩ፣ ግን ማንም አልቆጠራቸውም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ገባን። «ሁላችሁም አንድ ትመስላላችሁ» ወደሚለው።

አንቺ ያንን ፎቶ ስታዪ አንዷ ጠይም ናት፣ አንዷ የቀይ ዳማ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። አንዱ አፍንጫው ሰልካካ ነው፣ ሌላው ጎራዳ። አንዷ ፀጉሯ ዞማ ነው። አማርኛችን ለቆዳ መልክ የሰጠውን ቃል እስቲ ቁጠሪው። ይሄ ሁሉ ቃል ዝም ብሎ አልመጣም፤ እዚህ አገር ሰው ከሰው የሚለየው በእነዚህ ስለሆነ ነው። ለፈረንጅ «ወንድሜ ቀይ ነው» ብትዪው ፀሐይ የመታው መስሎት ያዝንለታል።

የአማካሪዋ ዓይን ያደገው ሌላ መለያ ይዞ ነው። በ1975 ሃድን ኤሊስና ባልደረቦቹ ነጭና ጥቁር ተሳታፊዎች ፊቶችን በቃል እንዲገልጹ አደረጉ። ነጮቹ የፀጉርና የዓይን ብሌን ቀለም ላይ አተኮሩ። ጥቁሮቹ የዓይንን ትልቀት፣ ቅንድብን፣ ጆሮን፣ አገጭን አነሱ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ባደጉበት ሰፈር። የፀጉር ቀለም ወርቃማ፣ ቡኒ፣ ቀይ፣ ጥቁር በሆነበት አገር ፀጉር ጥሩ መለያ ነው። ያንን መለያ ይዘሽ ወደ እናንተ ፎቶ ስትመጪ 14 ጥቁር ፀጉርና 14 ቡናማ ዓይን ታገኚያለሽ። አሜሪካ መንጃ ፈቃድ ላይ የዓይን ቀለም ይጻፋል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለውን ወገናችንን መንጃ ፈቃዱን እንዲያሳይሽ ጠይቂው፤ ያው ቡናማ ነው።

ሥነ ልቦና ውስጥ ይህ ጉዳይ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይጠናል። ሰው የራሱን ወገን ፊት ከሌላው በተሻለ ይለያል፣ ያስታውሳል። አሜሪካኖች ብቻ አይደሉም፤ በየአገሩ ታይቷል። በተለይ ፍርድ ቤት ያስጨንቃል፣ ምስክር ያላየውን ሰው «እሱ ነው» ብሎ ሊያሳስር ይችላልና።

ይሄ ከደም የሚመጣ እንዳይመስልሽ። ሁለት ጥናቶች በተለይ እወዳለሁ። አንደኛው እኛንም ይነካል። ያየር ባር-ሃይምና ባልደረቦቹ በ2006 የሦስት ወር ሕፃናትን ፈተኑ። ሕፃናቱ ሦስት ወገን ናቸው፦ እስራኤል ያሉ ነጭ ሕፃናት፣ እዚህ ኢትዮጵያ ያሉ ሕፃናት፣ እና እስራኤል ውስጥ ወገኖቻችን «መርካዝ ክሊታ» በሚሉት የመጤዎች መቀበያ ማዕከል የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች። ነጭ ፊትና ጥቁር ፊት ጎን ለጎን አሳይተው የትኛውን ረዘም አድርገው እንደሚያዩ ለኩ። ነጮቹ ነጩን፣ ኢትዮጵያ ያሉት ጥቁሩን ረዘም አድርገው አዩ። ማዕከሉ ውስጥ ያሉት ግን አላዳሉም። እናታቸውንም የማዕከሉን ነጭ ሠራተኞችም እያዩ ነው የሚያድጉት። በሦስት ወር ዕድሜ ዓይን ሰፈሩን ተምሯል።

ሁለተኛው ፈረንሳይ ውስጥ በ2005 ተሠራ። ከኮሪያ ከሦስት እስከ ዘጠኝ ዓመታቸው ድረስ በጉዲፈቻ የተወሰዱ ልጆች አድገው ተፈተኑ። የነጭ ፊት ከእስያ ፊት ይልቅ ይለያሉ። ልክ እንደ ፈረንሳውያኑ። ስለዚህ የተማረ ዓይን እንደገና መማርም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይሳትሽ። ባዳ ዓይን የተለያዩ ሰዎችን አንድ ማድረግ ብቻ አይደለም ጥፋቱ። አንዱንም ሰው ብዙ ያደርጋል። ሮብ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ በ2011 የሁለት የሆላንድ ዝነኞችን 40 ፎቶ ለእንግሊዛውያን ሰጡና «በየሰዉ መድቡት» አሏቸው። እንግሊዛውያኑ ዝነኞቹን አያውቋቸውም። እንደ አማካይ ከሰባት በላይ ሰው አገኙ። ሆላንዳውያን ሲሰጣቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ሁለት አሉ፣ ወዲያው። ልብ በዪ፣ እንግሊዛውያኑም ሆላንዳውያኑም ነጭ ናቸው። ዋናው ነገር ትውውቅ ነው። የማናውቀው ሰው በመብራትና በፀጉር አሠራር ይለዋወጥብናል፣ የምናውቀው ሰው ግን ታሞም ተኳኩሎም እሱ ነው።

እና ቲሸርቱ! ሰማያዊውን ቲሸርት አልረሳሁትም። ሮበርት ኩርዝባን፣ ጆን ቱቢና ሊዳ ኮስሚዲስ በ2001 አንድ ብልህ ሙከራ ሠሩ። ሁለት የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ይጨቃጨቃሉ። በሁለቱም ቡድን ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች አሉ። ተሳታፊው ማን ምን እንዳለ ያያል፣ በኋላ «ይህን ያለው ማን ነበር?» ይባላል። ሲሳሳት ማንን ከማን ጋር እንደሚያምታታ ይታያል። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ሲለብሱ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ነጩን ከነጭ ያምታታል። ቡድኖቹ የየራሳቸው ቀለም ማሊያ ሲለብሱ ግን የዘሩ ነገር ቀነሰ፤ በማሊያ ማምታታት ጀመረ። እናንተ ሁላችሁንም ሰማያዊ አልብሳችሁ «እኛ አንድ ነን» አላችሁ። አማካሪዋም አመነቻችሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንዙር፣ ምክንያቱም እሷን ብቻ ማማት ደስ አይልም። ቦሌ ላይ አንድ ኮሪያዊ፣ አንድ ጃፓናዊና አንድ ቬትናማዊ አብረው ቢሄዱ የሰፈር ልጅ ምን ይላቸዋል? «ቻይና! ቻይና!» ሦስት አገር፣ ሦስት ቋንቋ። እኛም የውጭ ባለሙያዎች ቡድን ሲመጣ «ፈረንጆቹ መጡ» እንላለን። ውስጡ ግሪክም፣ ፊንላንዳዊም፣ አሜሪካዊም ሊኖር ይችላል። ስብጥራቸውን ቆጥረንላቸው አናውቅም።

ሌላም አለ። «መልኩ እኮ ያስታውቃል፣ የዚያ አካባቢ ሰው ነው» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ስሙን ቀድመን ሰምተናል፣ ወይም አነጋገሩን። ከሰማን በኋላ ነው ፊቱ «የሚያስታውቀው»። ካላመንሽኝ ቢሮ ውስጥ ሞክሪው። የማታውቋቸውን ሰዎች ፎቶ ያለ ስም አቅርበሽ ባልደረቦችሽ የትውልድ አካባቢያቸውን ይገምቱ። ግምታቸውን በወረቀት ይጻፉ፣ አለዚያ በኋላ «እኔም ብዬ ነበር» ይመጣል። ስም ዓይንን እንዴት እንደሚመራ በ2007 አንድ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። ነጭ ተማሪዎች የነጭ ፊቶችን አዩ። ልዩነቱ ከፊቶቹ ጋር የተጻፈው የዩኒቨርሲቲ ስም ብቻ ነው። የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ስም ያለበትን ፊት ከሌላው በተሻለ አስታወሱ። ፊቱ አልተለወጠም፣ ጽሑፉ ነው የለወጠው።

ስብጥር ለሁሉም ሰው አንድ አይደለምም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ጥቁር አሜሪካውያንና የእስያ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ቡድኖችን እንዲመዝኑ ተጠየቁ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወገን ያለበትን ቡድን «የበለጠ የተሰባጠረ ነው» አሉ። የሌላው አናሳ ወገን መኖር ያን ያህል አላሳመናቸውም። ሰው ስብጥርን ሲያይ «እኔስ እዚህ ቦታ አለኝ ወይ? ይበድሉኝ ይሆን?» ብሎም ይጠይቃል። አማካሪዋም የመጣችበት አገር መለኪያ አላት። እዚያ ስብጥር ሲባል በቅድሚያ የቆዳ ቀለም ነው። እዚህ ደግሞ ቋንቋና ሃይማኖት ይቀድማል።

አንቺም መለኪያ አለሽ፣ ሳትቆጪ ስሚኝ። ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ጾታ ቆጠርሽልኝ። ከ14ቱ አካል ጉዳተኛ ስንት ነው? ከ50 ዓመት በላይ የሆነስ? ገጠር ተወልዶ ያደገስ? ሰባቱ ሴቶች ውስጥ በጀት ላይ የምትፈርም አለች? ይሄን የምጠይቅሽ አማካሪዋ ትክክል ናት ለማለት አይደለም። አንቺ ራስሽ ሰዎቹን በየቀኑ እያየሽ ያልቆጠርሽው ነገር ካለ፣ ፎቶውን ለግማሽ ሰከንድ ያየችው ሴት ምን ልትቆጥር ነበር?

ምን ትመልሺላት? ቁጣውን ተዪው። «ዘረኛ ነሽ» ካልሻት ትከላከላለች፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። እኔ ብሆን ሁለቱን ፎቶዎች አንድ ገጽ ላይ አድርጌ እልክላት ነበር። ከሥራቸው የሴቶቹን ቁጥር፣ ቋንቋዎቹን፣ የኃላፊነት ቦታዎቹን እጽፋለሁ። ከዚያም አንድ ጥያቄ፦ «የትኛው ቡድን ነው የበለጠ የተሰባጠረው? ለምን?» በቃ። ራሷ ትድረስበት።

ፎቶውን ለማስተካከል ግን እንዳትሮጪ። የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በ2000 ያደረገውን ታውቂ ይሆናል። የመግቢያ ማመልከቻ መጽሔት ሽፋን ላይ የአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) ተመልካቾች ፎቶ ነበር፣ ሁሉም ነጭ። ስብጥር ያለ እንዲመስል የአንድ ጥቁር ተማሪን ጭንቅላት ከሌላ ፎቶ ቆርጠው ከተመልካቹ መሃል ለጠፉት። ተማሪው ስታዲየሙ ገብቶ ጨዋታ አይቶ እንኳ አያውቅም። ታወቀባቸው፣ ይቅርታ ጠየቁ፣ ዛሬም ድረስ ማስተማሪያ ናቸው። ለፎቶ ብሎ ፈረንጅ መለመንም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አማካሪዋ እንደገና ስትመጣ ደግሞ ሰዎቹን በስም አስተዋውቂያት። «ቡድናችን» ብለሽ በጅምላ አታቅርቢያቸው። በ2009 የወጣ አንድ ጥናት ነጭ ተሳታፊዎችን የጥቁር ሰዎችን ፊት አንድ በአንድ በስም መለየት አሠለጠናቸው። መለየቱ ተሻሻለ፣ የተደበቀ አድልዎአቸውም ቀነሰ። እናንተ ሥልጠና አያስፈልጋችሁም። ቡና አፍሉ፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ ሳትደርስ ማን ማን እንደሆነ ታውቃለች።

ለሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ሁሉም የየራሱን ልብስ ለብሶ፣ ከፎቶው ሥር ስሙና ሥራው ተጽፎ ይውጣ። ተደርድራችሁ ከምትነሱ ሥራ ላይ እያላችሁ ብትነሱ ይሻላል። ሰማያዊው ቲሸርት ለታላቁ ሩጫ ይቆይ።